ሞተሩን ላላጠፉልን ክቡር ኃላፊ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን አለህ? ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለትልቅ ሰው ስለሆነ እንደ ወትሮው ቀድመህ እይልኝ። ስድብ የመሰለህን ሰርዝ፣ ፊደል የሳትኩበትን አርም። ተጓዦችህ ሲያናድዱህ ማታ ቤት ገብተህ ጫማህን እየፈታህ የምትለኝን አልረሳሁም፦ «አንተ ጉድ፣ ሰው ሲያናድድህ ‹እርስዎ› በለው። ከዚያ በላይ የሚያቃጥል ነገር የለም።» እሺ፣ እንዳልከኝ አደርጋለሁ።

ለአደጋ ጊዜ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? በተለይ ጆሮዎ? እኛ ከመሬት መንቀጥቀጡ ወዲህ፣ ከሞቱትና ከቆሰሉት፣ ሌሊት እንቅልፍ ከሚነሳን የድንጋይ ኮሽታም በስተቀር፣ እጅግ ደህና ነን። እኔ ከተራራው ሥር ባለው ትምህርት ቤት የምማር ልጅ ነኝ። ሰኞ ትምህርት እንደሚጀመር ስላወጁልን፣ ከዚያ በፊት ምስጋናዬን ላቀርብና አንድ ነገር ልለምንዎ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ደብዳቤውን በጋዜጣ ማውጣቴ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በር ላይ ያሉትን ጥበቃዎች እንዳላደክም ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሄሊኮፕተሩ አመሰግናለሁ።

ምናልባት ያልተነገረዎት እንደሆነ፣ ወንድሜ ተጓዦችን ወደ ተራራው የሚያወጣና የሚያወርድ መንገድ መሪ ነበር። ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ከእሱ ሌላም ማንም አልነበረኝም። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በእንግዳ ማረፊያው ተጓዦቹን ቁርስ እያስበላ ነበር። ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጣ። አንድ ጡረታ የወጣ ማዕድን ቆፋሪ ሽማግሌ ግን ፎቅ ላይ ቀርቶ ስለነበር ተመልሶ ገባ። ሽማግሌውን በመስኮት ገፍትሮ ካወጣው በኋላ ቤቱ እላዩ ላይ ተደረመሰ።

እነዚያ ተጓዦች እንግዶች ናቸው፤ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በእግራቸው ቁልቁል መውረድ ይችሉ ነበር። አልወረዱም። የድንኳናቸውን ብረት ነቅለው፣ የተራራ ገመዳቸውን ዘርግተው፣ በምግብ ሳህናቸው ሳይቀር አፈር ሲዝቁ ዋሉ። አንዷ ነርስ ነበረች፤ ፋሻ ሲያልቅባት የሰፈራችንን ቁስለኛ የራሷን ሸሚዝ እየቀደደች አሰረች። ሽማግሌው ደግሞ በሥራ ዘመኑ ጉድጓድ ተደርምሶ ሰው ሲቀበር የሚያደርጉትን ሥርዓት አስተማረን። ፊሽካ ይነፋል። ሁሉም በያለበት ይደርቃል። አካፋ አይነሳም፣ አይሳልም፣ የሚያለቅስ ሕፃን ጡት ይጎርሳል። ከዚያ ሽማግሌው ድንጋይ በድንጋይ ይመታና ጆሮውን መሬት ላይ ይለጥፋል።

ከታች መልስ መጣ። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ያለ። ወንድሜ ጠዋት ለትምህርት ቤት ሲቀሰቅሰኝ የክፍሌን ግድግዳ የሚያንኳኳው ልክ እንዲህ ነው። «ወንድም ጋሼ ነው! የኔ ነው!» ብዬ ስጮኽ ሽማግሌው አፌን በአቧራማ መዳፉ ከደነውና በተሰባበረ ቋንቋችን «ዝም በል የኔ ልጅ። እየጮህክ አትሰማውም» አለኝ። ከዚያ በኋላ የምንቆፍርበትን አቅጣጫ የሚመራን ያ ድምፅ ብቻ ነበር። ሲርቀን ቆመን እናዳምጣለን፣ ሲቀርበን እንቆፍራለን። መንገድ መሪ አይደል፣ ከመሬት በታች ሆኖም ይመራን ነበር።

እርስዎ የመጡልን ይህን ጊዜ ነው። ሄሊኮፕተርዎ ከፍርስራሹ አጠገብ፣ ኳስ ከምንጫወትበት ሜዳ ላይ አረፈ። ነፋሱ አቧራውን ሁሉ ዓይናችን ውስጥ ሞላው፣ የቆፈርነውን ጉድጓድ ግማሹን መልሶ ደፈነው። ስለ ክብርዎ ስል ይህን እንደ ቅሬታ አልቆጥረውም። ሞተሩ ግን አልጠፋም። አብራሪው «ካጠፋሁት በዚህ ብርድ ቶሎ አይነሳም» እንዳለ ሰምቻለሁ፤ እውነት ይሆናል። ሽማግሌው እየተንገዳገደ ሮጠና «ሰው እያንኳኳ ነው! ለአፍታ አጥፉልን!» እያለ ለመነዎ። እርስዎም በትሕትና ጎንበስ ብለው እጅዎን ወደ ጆሮዎ አስጠግተው «ምን? አይሰማኝም!» አሉት። አሁንም ጮኸ። አሁንም «አይሰማኝም ወንድሜ፣ ሞተሩ ይረብሻል!» አሉት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በየመሥሪያ ቤቱ አይገኝም።

ሁለተኛ፣ በግልዎ ወርደው ስላዳመጡልን አመሰግናለሁ።

ብዙ ባለሥልጣን ጫማው እንዳይቆሽሽ ይፈራል። እርስዎ ግን ፍርስራሹ ላይ ወጡ፣ ካሜራ ያዡ እስኪዘጋጅ ጠበቁ፣ ከዚያም ተንበርክከው ጆሮዎን ወደ መሬት አዘነበሉ። ጆሮዎ ላይ ያ ወፍራም የሄሊኮፕተር ማዳመጫ ነበር። ብርቱካናማ ነው፤ እስካሁን ሕልሜ ውስጥ አየዋለሁ። ከተነሱ በኋላ «ምንም ድምፅ የለም» አሉ። ረዳትዎም «ከፍርስራሹ ሥር በሕይወት ያለ ሰው የለም» ብሎ በሬዲዮ አስተላለፈ። ስለዚህ ወንድሜ እያንኳኳ ሳለ ሞተ ተባለ።

ትእዛዝዎ እንግዶቹን ማውጣት ብቻ ነበርና እንግዶቹን አወጡ። ነርሷ ደም የነካው እጇን እያሳየች «አልጨረስኩም!» ብላ ተጨቃጨቀች። ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳም ስላለ ሁለት ወታደሮች ብብቱን ይዘው አነሱት። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ፊሽካውን ከአንገቱ አውጥቶ ወረወረልኝ። ገመዱም፣ የግንባር መብራቱም፣ የመቆፈር ብልሃቱም አብረው በረሩ። ማታ በዜና «ሁሉም ተጓዦች በሰላም ተመልሰዋል» ሲባል ሰማን፤ ደስ አለን።

ሄሊኮፕተሩ ከራቀ በኋላ ፊሽካውን ነፋሁ። የቀረነው እናቶች፣ ሽማግሌዎችና የክፍል ጓደኞቼ ነበርን። ከታች አንድ ጊዜ ተንኳኳ፣ ዘግየት ያለው ብቻ። በእጃችን ቆፈርን። ፀሐይ ስትጠልቅ መሬቱ ደግሞ ተንቀጠቀጠና ፍርስራሹ ወደ ታች ሰመጠ። ከዚያ በኋላ ፊሽካ የነፋሁት በከንቱ ነው።

ሦስተኛው ግን ቅሬታ ነው፤ ነገሩ ገና አልደረሰም። ቀድሜ በማቅረቤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው ተራራ ወገቡ ላይ ተሰንጥቋል። መጀመሪያ እጄን እከትበት ነበር፣ አሁን ሰው አጎንብሶ ይገባበታል። ምንጫችን ደፍርሷል። ሌሊት ሌሊት ድንጋይ ይንከባለላል፣ ቀጥሎ ዝም ይላል፣ ቀጥሎም ሌላ ይንከባለላል። ዝምታው ከኮሽታው ይበልጥ ያስፈራል። የሰፈሩ ሰው በተራ እየተነሳ ያንን ያዳምጥ ነበር፤ ተራራው ከመውረዱ በፊት ድምፅ ይሰጣል ብለን ተስፋ አድርገናል። እርስዎ ግን ብቸኝነት እንዳይሰማን በማሰብ ይመስለኛል፣ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ አስተከሉልን። ከንጋት እስከ ምሽት «አካባቢው ተረጋግቷል፣ ወላጆች ልጆቻችሁን ሰኞ ላኩ» ይለናል። በመሃል ዘፈን አለ። ጥሩ ዘፈን ነው፣ ነገር ግን ተራራውን አያሰማም።

ልመናዬ ትንሽ ነው። ትምህርቱን በሜዳው በድንኳን ያስጀምሩልን። ይህ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ ድምፅ ማጉያውን ያጥፉልን። እሱም ከከበደ፣ ሰኞ ጠዋት እርስዎ ይምጡና የመጀመሪያው ወንበር ላይ ከትንንሾቹ ጋር ይቀመጡ፤ በመስኮቱ በኩል ጥላ አለው። ሄሊኮፕተሩን ግን እባክዎ ራቅ አድርገው ያሳርፉት።

ለሥራዎ ቅልጥፍና፣ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ከሁሉ በላይ ለጆሮዎ ፈውስ እየተመኘሁ፣ ወንድሙ የቀሰቀሰው ጊዜ ሁሉ «አምስት ደቂቃ ብቻ» እያለ ይጨቃጨቅ የነበረው፣ አሁን ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው የሚነቃው

ታዛዥዎ ተማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማዳመጫዎን ለሙዚየም የሚሰጡት ከሆነ ከጎኑ የሚቀመጥ ፊሽካ አለኝ ልል አስቤ ነበር። አልሰጥም፣ ሰኞ ያስፈልገኛል፤ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይዤው እቆማለሁ። ለምን እንደሆነ እንዲገባዎት፣ ብቻዬን የነቃሁበትን የመጀመሪያ ጠዋት ልንገርዎ። ድምፅ ማጉያዎ ገና አልተተከለም ነበር። ድንኳን ውስጥ ተኝቼ ግድግዳ እስኪንኳኳ ጠበቅሁ። ድንኳን ግድግዳ እንደሌለው ትዝ ሲለኝ ተነስቼ ምሰሶውን በማንኪያ መታሁት፣ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት አድርጌ። ከዚያ ወጥቼ ፊሽካውን ነፋሁ። ሰፈሩ ሁሉ በያለበት ደረቀ። እሳት የምትጭረው ሴት ደረቀች፣ ውሃ የተሸከመው ልጅ ባልዲውን እንደያዘ ቆመ። ጆሮዬን መሬት ላይ ለጠፍኩ። ከታች ምንም አልመጣም። ከላይ ግን፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ አንድ ትልቅ ነገር ቀስ እያለ ሲቀደድ ሁላችንም ሰማን።