ከሰባተኛ ክፍል የቀረሁበት ምክንያት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ለቀቀሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ናቸው? መነጽራቸው ተሠራላቸው? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ ደኅና ነን። ትልቋ ልጄ፣ ያቺ በሁሉ ነገር ካልፈረድኩ የምትለዋ «ዳኛዋ»፣ ከታይፎይዱ ድና ጉንጮቿ ሞልተዋል። ባለቤቴም ስፌቷን እንደያዘች ናት። ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

ባለፈው እሑድ ደውዬልሽ ስለ ዝናቡና ስለ ጣሪያው ብቻ አውርቼ የዘጋሁት፣ ሌላ የምነግርሽ ነገር ኖሮኝ ምላሴ ስለተሳሰረ ነው። በወረቀት ይሻለኛል ብዬ ዛሬ መላጊያውንና ፍቅፋቂውን ገፋ አድርጌ እዚሁ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ታገሺኝና እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ነገሩ የመጣው በልጅቷ የቤት ሥራ ነው። ታማ አንድ ወር ያህል ከትምህርት ቤት ስለቀረች በሳይንስና በኅብረተሰብ ማርኳ ወርዶ ነበር። ሰባተኛ ክፍልን እንዳትደግም ሁለቱ አስተማሪዎቿ ተጨማሪ ማርክ የምታገኝበት ሥራ ሰጧት። የሳይንሱ፣ አንድ ነገር መርጦ ለዐሥራ አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት እየለኩ መመዝገብ ነው። የኅብረተሰቡ ደግሞ ከቤተሰብ አንድ ሰው ጠይቆ የት ድረስ እንደተማረ፣ ለምን እንዳቆመ፣ ሙያውን ከማን እንደለመደ መጻፍ ነው።

ለሳይንሱ ከቁርጥራጮቼ ሁለት እኩል ጣውላ ወሰደች። አንዱን ድንጋይ ጭና ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረችው፤ ሌላውን ደረቅ መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ጠዋት ቦርሳዋን አንግባ ትመጣና ርዝመቱንም ወርዱንም ትለካለች። የተነከረው ወደ ጎን እያበጠ ሄደ፤ ርዝመቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ይህን እኔ ስንት ዓመት በእጄ አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። እሷ ከመጽሐፏ አንብባ፣ የእንጨቱ ክሮች ውሃ ሲጠጡ ይወፍራሉ እንጂ አይረዝሙም ብላ አስረዳችኝ። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ አፌን ከፍቼ አዳመጥኳት።

ለኅብረተሰቡ የጠየቀችው እኔን ነው። ለምን ትምህርት አቆምክ ስትለኝ እንደ ልማዴ «አክስትሽ አግብታ ስትሄድ የሚያስተምረኝ አጣሁ» አልኳት። እሷም ጻፈችው።

በዘጠነኛው ቀን ረፍዶባት ሳትለካ ሮጠች። ከሰዓት ስትመለስ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። እኔም ማጽናናቴ ነው፣ «የትናንቱንና የነገውን አይተሽ መሃሉን ጻፊ፤ ማን ያውቃል?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ አልለካሁትማ!» አለች። ማርክ እንደሚያስቀንስባት እያወቀች ሠንጠረዡ ላይ «አልተለካም» ብላ ጽፋ ደብተሯን ዘጋች።

እትዬ፣ ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ሥራ እንቢ አለኝ። አንድ በር አበላሽቼ እንደገና ሠራሁ። በአራተኛው ቀን ልጅቷን ጠርቼ፣ «ያን የኅብረተሰብ ወረቀት አምጪው፣ የነገርኩሽ ውሸት ነው» አልኳት።

እውነቱ ይኸውልሽ። አንቺ ካገባሽ በኋላ ያሳደጉን አጎታችን ደብተርም እስክሪብቶም አላሳጡኝም። ያን ዓመት በእነዚሁ ሁለት ትምህርቶች ወድቄ ነበር። የሳይንስ አስተማሪያችን አዝነውልኝ፣ ሰኞ የቤት ሥራውን ሠርተህ ከመጣህ ማርክ እጨምርልሃለሁ አሉኝ። እኔ ቅዳሜና እሑድን ኳስ ስጫወት ውዬ፣ ሰኞ ጠዋት የጎረቤታችንን ልጅ ደብተር ቃል በቃል ገለበጥኩ። በጥድፊያ ስሙን ሳይቀር ገልብጬው ኖሯል! አስተማሪው ወረቀቱን ከፍ አድርገው «እስቲ አንተ ማነህ?» ሲሉኝ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወጣሁ፤ ዳግመኛ በዚያ በር አልገባሁም።

አንቺ ልትጠይቂን ስትመጪ አናጢው ጋ እንጨት ስልግ አገኘሽኝ። ምነው ስትዪኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አንቺ ከሄድሽ ማን ያስተምረኝ?» አልኩሽ። ፊትሽን በእጅሽ ሸፍነሽ አለቀስሽ። ያኔውኑ ማረም ይገባኝ ነበር፤ ግን ማባበልሽ ጣፈጠኝ። ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር «እኔ ነኝ ያስቀረሁህ» ትያለሽ። አምና እንኳ ለልጆቼ ደብተር ገዝተሽ፣ «ለአባታችሁ ያላደረግሁትን» ስትዪ እኔ ጥፍሬን ሳይ ቆየሁ።

ልጅቷ ሁሉን ሰምታ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። «አክስቴ ታውቃለች?» ብቻ አለችኝ። አታውቅም ስላት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «እንግዲያው እሷ ሳታውቅ አልጽፈውም» አለች። ማስረከቢያው ግን በማግሥቱ ነበር፤ ባዶውን ብትሰጥ ክፍሉን ልትደግም ነው። «ለአክስትሽ ራሴ እነግራታለሁ» ብዬ ምዬ ለመንኳት። በመጨረሻ ጻፈችው።

በኅብረተሰቡ ከዐሥር ስምንት አገኘች። በሳይንሱ ለዚያች ላልተለካች ቀን አንድ ተቀንሶባት ዘጠኝ። ወደ ስምንተኛ ተዛውራለች፤ ደስ ይበልሽ። ወረቀቱ ሲመለስ ሳየው ከላይ በትንንሽ ፊደል «እባክዎ ለክፍሉ አይነበብ፤ የአባቴ ነው» ብላ ጽፋበታለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

እትዬ፣ እኔን ያስቀረሽኝ አንቺ አይደለሽም። አንቺ ጎጆሽን በደስታ ልትኖሪበት ሲገባሽ፣ የኔን ጥፋት አሸክሜሽ ኖርኩ። ብትቆጪኝ እውነት አለሽ፤ ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ፣ ግን እልሻለሁ። ትምህርት ሳይከፈት ልጅቷን ይዤ እመጣለሁ። በር ላይ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝና ከዚያ አስገቢኝ።

ለጋሼ እጅ ነሥቷል በይልኝ። ደብዳቤውን ቢያነቡት አልከፋም። ትልቁን ልጅሽን፣ መንታዎቹንም በየተራ ሳሚልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ባለቤቴ ለሁላችሁም ሰላም ብላለች፤ ከታች የተሞነጫጨረው ደግሞ ታናሽየዋ ልጄ ስሜን ራሴ ካልጻፍኩ ብላ የጻፈችው ነው። ዳኛዋ ደግሞ «አክስቴ ስታነበው ብቻዋን እንዳትሆን» ብላኛለችና፣ አንድ ሰው አጠገብሽ ይቀመጥ።

አክባሪሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከሥራ ቤቴ፣ እሑድ ሰኔ 28 ቀን