«እጄን ልታጠብ» ይባሉ የነበሩት የምግብ ቤቶች ተቆጣጣሪ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ አፈር የምናለብሳቸው እኅታችን ከዳቦ ጋጋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት፣ በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ሊጥ ከመንካታቸው በፊት እስከ ክርናቸው ሲታጠቡ እያዩ አደጉ። ገና በልጅነታቸው ታናናሾቻቸውን አሰልፈው ጥፍር ያዩ ነበር፤ ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸውም እጁን ኪሱ ውስጥ ሲደብቅ እየተያዘ ስንቴ ጆሮውን ተቆንጥጧል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው፣ በአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሙያ ተመረቁ። በሃያ ሦስት ዓመታቸውም በከተማው የምግብ ቤቶች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ።

እዚያ ብዙዎቹ ባልደረቦቻቸው በፊት በር ገብተው፣ መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ የተጋበዙትን ምሳ እየበሉ ነበር ደረጃ የሚሰጡት። እሳቸው በጓሮ በር ይገባሉ። ከሰላምታ ቀጥሎ የመጀመሪያ ቃላቸው ሁልጊዜ «እጄን ልታጠብ» ነበር። የወጥ ቤቱ መታጠቢያ ውስጥ ሽንኩርት ተዘፍዝፎ ካገኙ፣ ወይም ሳሙና ፍለጋ ሰው ወደ ሱቅ ከሮጠ፣ በቃ፣ እዚያ ቤት እጁን የሚታጠብ የለም ማለት ነው። «እጄን ልታጠብ መጣች!» ከተባለ የከተማው ወጥ ቤት ሁሉ ይተራመስ ነበር። እሳቸው ግን ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ወረቀት በሩ ላይ ለጥፈው ይሄዳሉ።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከከባድ መኪና ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። የሠርጋቸው ዕለት ከሙሽራ ወንበር ተነሥተው፣ ከነቬሏቸው ድስት ሊከፍቱ ወጥ ቤት መግባታቸውን ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ያወራሉ።

የሚቀጥለው ክፍል ይቅር ብለው የመከሩን ዘመዶች ነበሩ። አይቀርም።

በ2006 ዓ.ም. አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለውን ትልቁን ምግብ ቤት ፈተሹ። መብራት ለመቆጠብ ተብሎ ማቀዝቀዣው ሌሊት ሌሊት ይጠፋል። ጥሬውና የበሰለው ሥጋ በአንድ መክተፊያ ይከተፋል። መታጠቢያው ውስጥ ያው ሽንኩርት ነው። ቀይ ወረቀት ለጥፈው እንዲዘጋ አዘዙ። በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እዚያው ቤት ምሳቸውን ጥርግ አድርገው በሉና ቀዩን አስነሥተው አረንጓዴ አስለጠፉ። ከአረንጓዴው ወረቀት ግርጌ የተጻፈው የተቆጣጣሪ ስም ግን ያው የእኅታችን ነበር። በዚያው ሳምንት እዚያ ቤት ሠርግ ተደገሰ። ታዳሚው በትውከትና በተቅማጥ ሆስፒታሉን አጥለቀለቀው፤ የሙሽራዋ አባት ሞቱ።

ሕዝቡ የሚያነበው በሩ ላይ ያለውን ስም ነውና «ጉቦ በልታ ነው» አለ። ውኃ እንኳ የማይቀምሱት ሴት በሉ ተባሉ! ኃላፊው እያወቁ ዝም አሉ፤ ይባስ ብለው እሳቸውን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯቸው። እኅታችን እውነቱን በራሳቸው አንደበት ሊናገሩ ለቅሶው ቤት ድረስ ሄዱ። ገና ከደጃፉ ሙሽራዋ «የአባቴን ገዳይ ማን አስገባት?» ብላ ጮኸች፤ ገፍተው አስወጧቸው። ታናሽ ወንድማቸው «እትዬ፣ ተይው፣ እግዜር ያውቃል» ቢላቸው፣ «እሱ ማወቁን መቼ አጣሁት? እሷ ናት የማታውቀው» አሉ።

ጡረታ እስኪወጡም፣ ከወጡም በኋላ፣ ኃላፊው አንዲት ቃል እንዲተነፍሱላቸው ደጅ ጠንተዋል። ወይ ፍንክች! የደም ግፊቱ የጀመራቸው ያኔ ነው። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሌት ተቀን ሲያስታምሟቸው ቆይተው፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ኃላፊው ዛሬ «ለታማኝ ሠራተኛችን» የሚል የአበባ ጉንጉን አስይዘው ከፊት ቆመዋል። ታማኝነታቸው አሁን ነው የታየዎት? እንግዲያው አፈሩ ሳይመለስ፣ ቀዩን ወረቀት ያስነሣሁት እኔ ነኝ ይበሉ። እርስዎ ባይሉም እኛ ብለናል። ያቺ ሙሽራ ተጠርታ መጥታለች፤ ከኋላ ቆማለች። የኔ እኅት፣ በአንቺ አንፈርድም፤ ያነበብሽውን ስም ነው የጠራሽው። ያን ቀን ከደጃፍሽ የመጡት ይህንኑ ሊነግሩሽ ነበር።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። በሰው ፊት ያልተፈረደላቸውን አምላክ በፊቱ ይፍረድላቸው፤ ነፍሳቸውን ከንጹሓን ጋር ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም መጽናናትን ይስጥ።

ማሳሰቢያ፦ ኃላፊው ለሐዘንተኛው ብለው ከዚያው ምግብ ቤት ያስላኩት ምግብ ከነትሪው ተመልሷል። ከቀብር መልስ የሚቀርበውን ልጆቻቸው በእናታቸው ወጥ ቤት አብስለዋል። በጓሮ በር ግቡ፤ ሳሙናው ከቧንቧው አጠገብ አለ።