ስቴሪዮ ስንመርጥ

ጥር 6፣ ረቡዕ። ከቀኑ 7 ሰዓት

ምሳ ሰዓት። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ሰው የለም። ያቋረጥኩትን ልቀጥልልህ፣ ማስታወሻዬ።

ትናንት ሁለተኛው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅም ገባሁ። ያው ትልቅ ጥቁር ሳጥን። ብሉቱዝ አለው፣ ፍላሽ ይቀበላል፣ ቀይና ሰማያዊ ይበራል። ከስልኬ የምወደውን ክላሲካል ሙዚቃ ለቀቅኩበት። ቼሎው፣ ወፍራም ድምፅ ያለው የክር መሣሪያ፣ የወፍጮ ሞተር መሰለ። ፒያኖው የለም። ሻጩ ፊቴን አይቶ ይባስ ብሎ ቤዙን ጨመረው፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ቻርጀር ሁሉ ተንቀጠቀጠ። አመስግኜ ወጣሁ።

እኔ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ሁለት ስፒከር፣ ግራና ቀኝ። አንድ አምፕሊፋየር። ሳይጮህ ጥርት የሚል። አቅሜ የሚችለው። ክላሲካል ሙዚቃ ጎንደር ተማሪ ሳለሁ ለጥናት ብዬ ጀመርኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በጆሮ ማዳመጫና በስልክ ብቻ። አንድ ቀን እንኳ ክፍል ሲሞላ አልሰማሁትም።

ለባለቤቴ ለሙሉ በስልክ ነገርኩት። ኮኪት የእርሻ ሥራ ላይ ነው፤ የሰው ትራክተር ይነዳል፣ ሰሞኑን ማሽላ መውቂያ ላይ ናቸው። ምን? አለ። ደገምኩለት። ምን? ተውኩት። የኮኪት ኔትወርክ!

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ዛሬ የገጠመኝን ስማ። የደም ግፊት መድኃኒት ከእኔ የሚወስዱ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ አሉ፣ ኡስታዝ ኢድሪስ። ከጦርነቱ ሸሽተው ከሚስታቸው ጋር እዚሁ መተማ ዮሐንስ ቤት ተከራይተዋል። መጡ። ስልኬ ባንኮኒው ላይ ዝቅ ብሎ ይጫወታል። መድኃኒቱን ሰጠኋቸው፤ አልሄዱም። የግራ እጃቸው ጣቶች ባንኮኒው ላይ ከሙዚቃው ጋር ይነሳሉ ይወድቃሉ። ለካ ካርቱም የቫዮሊን አስተማሪ ነበሩ!

ቫዮሊናቸው መንገድ ላይ ቀርቷል። ይዘው የተሻገሩት አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት የእንጨት ስፒከር ነው። ሰው ፍራሽ ሲሸከም እሳቸው ሳጥን። ሚስታቸው እስከ ዛሬ አልማሩኝም ይላሉ። አሁን ልጃቸው ወደ ካይሮ እየጠራቸው ነው፤ ይሸጡታል። መጥተሽ ስሚው፣ ካልወደድሽው ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ብለውኝ ሄዱ።

ሌላም አማራጭ አለኝ። ከጎንደር በመኪና የሚላክ አዲስ፣ ትንንሽ ጥንድ ስፒከር። ፎቶውን ልከውልኛል። ያምራል። ግን ሳይሰሙ መግዛት ነው። መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ። ማታ 1 ሰዓት

ጥምቀት አለፈ። ከተማው ጸጥ ብሏል፣ የእኔ ጆሮ ግን ገና በድምፅ ማጉያ እንደተሞላ ነው።

ሰላምን ይዤ ኡስታዝ ቤት ሄድኩ። (አምስት ዓመቷ ነው ልጄ። አንተ ልትረሳት አትችልም፤ የፊት ገጾችህን የቀደደችው እሷ ናት።)

ስፒከሮቹ አርጅተዋል። የአንዱ የፊት ጨርቅ ተቀዷል። ከጨርቁ ሥር የሚርገበገበው ክብ ወረቀት ግን ደህና ነው፤ በስልክ መብራት አየሁት። አምፕሊፋየሩ ከባድ ነው፣ ይግላል። መብራት ሲዋዥቅ ያጉረመርማል። ስታብላይዘር የግድ ነው። ዋቱም ትንሽ ነው። ለአንድ ክፍል ይበቃል፣ ሠርግ አትደግሽበት፣ አሉኝ ኡስታዝ።

ከግድግዳው ፈቀቅ አደረጓቸው። ወደ እኛ ትንሽ አዞሯቸው። ሦስታችን አልጋው ጠርዝ ላይ ተደረደርን። ያንን የምወደውን ሙዚቃ ለቀቁት።

እንዴት ልንገርህ? ቫዮሊኑ ከግራ። ቼሎው ከቀኝ። ፒያኖው ደግሞ መሃል፣ ምንም በሌለበት ባዶ ግድግዳ ላይ። ሰላም ተነስታ ሄዳ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰችው። እዚህ ማን አለ? አለች። ኡስታዝ ከት ብለው ሳቁ።

ልገዛው ነው። እሑድ ሙሉ ይመጣል፤ እሱም ይስማና ነው። የጋራ ቤት አይደል?

ጥር 17፣ እሑድ። ከቀኑ 11 ሰዓት

በችኮላ እየጻፍኩ ነው። ፊደሉን ታገሠኝ።

ባለቤቴ ጠዋት በጭነት መኪና ገባ። ታጠበ፣ ሰላምንም ይዘን ኡስታዝ ቤት ሄድን። ደስ ብሎታል። ሽቦውን አየ፣ ሶኬቱን አየ፤ ያለ ስታብላይዘር እንደሚቃጠል ለእኔም ለኡስታዝም አስረዳን። ኡስታዝ ያንኑ ሙዚቃ ለቀቁ። ቼሎው ሲገባ ራሱን ነቀነቀ። ይኸስ ደስ ይላል፣ አለ።

ከዚያ ሌላው ሁሉ ዝም ይልና ቫዮሊኑ ብቻውን ይቀራል። ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀጥናል። እኔ የምወደው ቦታ። ትንፋሼን ይዣለሁ።

«አለቀ እንዴ?» አለ ሙሉ።

የሚቀልድ መሰለኝ። ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ ሊነሳ ነው።

«አላለቀም» አልኩት።

«ኧረ ቆሟል።»

«አባዬ፣ ቫዮሊኑ እኮ ነው!» አለች ሰላም ከጎኑ።

ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለች?»

ኡስታዝ እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ሰደዱ፤ ግን አላጠፉትም። ቫዮሊኑ እስኪወርድ፣ ፒያኖው እስኪገባ ጠበቅን።

«አሃ፣ ጀመረ» አለ ሙሉ።

ጥር 18፣ ሰኞ። ጠዋት

አኩርፎ ሄደ። ማታ ጆሮው እየደከመ መሆኑን ልነግረው ሞክሬ ነበር። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ቀስ ብዬ። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከትራክተር ሞተር ጎን ነው፣ ያውም ጆሮው ሳይሸፈን። እንዲህ ያለ ጩኸት መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ይቆያል። ሳልጨርስ ተነሳ። ለአንድ ሳጥን ብለሽ ደንቆሮ ልታደርጊኝ ነው ወይ? አለኝ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው መኪና ወደ ኮኪት።

ሹፌሮች የጆሮ ጠብታ ሊገዙ ሲመጡ፣ ጠብታ አይበቃም፣ ጎንደር ሄዳችሁ በሐኪም ታዩ የምል እኔ ነኝ። በራሴ ቤት ግን አላየሁም። ሰላም ከኋላው ስትጠራውና ዝም ሲላት፣ ደክሞት ነው እላታለሁ። እሷም ቀስ በቀስ ሁሉን ነገር ወደ እኔ ማምጣት ጀመረች። የጫማ ማሰሪያውንም፣ ስሞታውንም፣ ተረቱንም። አሁን አሁን አባቷ ሲመጣ ሮጣ አትቀበለውም።

ሰው ገባ። ይብቃን።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ገዛሁት።

ሳነሳው ሳስቀምጠው ሰነበትኩ። ገንዘቡን ጎንደር ለጆሮው ምርመራ ልያዝ አልኩ። ሙሉ ደግሞ ብደውልለትም አያነሳም። ኡስታዝም መሄጃቸው ደርሷል። በመጨረሻ ከጎንደር የሚላከውን ጥንድ ተውኩት። ምክንያቴ አንድ ነው። ትንንሽ ስፒከሮች ቀጭኑን ድምፅ ያጠሩታል፣ ወፍራሙን ያሳንሱታል። የኡስታዝ እንጨቶች ቼሎውን ከነሆዱ ያወጡታል። ሙሉ ደግሞ የሚሰማው ወፍራሙን ነው። ቤቱ የእሱም ነው።

ኡስታዝ ራሳቸው በባጃጅ ይዘው መጡ። መጀመሪያ ስታብላይዘሩ፣ ከዚያ አምፕሊፋየሩ። ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር የሰቀልኩትን አቡጀዲ እንዳላወርደው አስጠነቀቁኝ፤ ባዶ ቆርቆሮ ድምፅ ያስተጋባል። ስፒከሩን በእርጥብ ጨርቅ እንዳላብሰው። ከመስኮቱ ፀሐይ እንዳርቀው። ሁሉንም ነግረው ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ለሙከራ አንድ ለቀቁ። ቆመው ሰሙ። እስኪያልቅ አልጠበቁም። ያ ዶክቶራ (በአረብኛቸው ሐኪሚቱ ማለታቸው ነው)፣ አቧራውን አደራ፣ ብለው ወጡ። መነጽራቸውን ረስተው ነበር። ሮጬ ባጃጁ ላይ ደረስኩባቸው። ፊታቸውን አላዞሩም፤ እጃቸውን ብቻ ዘረጉልኝ።

ጥር 24፣ እሑድ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ሙሉ መጣ። ሳልጠብቀው። ለሰላም ሐብሐብ ይዞላታል።

ስፒከሮቹን አየ። ምሳ በላን። ስለ ማሽላው አወራ፣ ስለ ናፍጣ አወራ። ከዚያ ተነስቶ ወንበሩን ወደ ክፍሉ መሃል ጎተተ።

«እስኪ ያንን ልቀቂው።»

ለቀቅኩት። ቼሎው ገባ። ቫዮሊኑ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ከመድረሱ በፊት ሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ሲጀምር እጅሽን አንሽ። ሲያበቃ አውርጅ።»

አነሳሁ። ሰላምም እኔን አይታ አነሳች። እሱ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘንብሏል፣ ግንባሩ ተቋጥሯል፤ ዓይኑ እጃችን ላይ። ያ ቦታ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ክንዴ ዛለ። አላወረድኩም። ፒያኖው ገባ፤ አወረድን።

«ይህን ሁሉ?» አለ።

«ይህን ሁሉ።»

ሰላም ወደ ሐብሐቧ ተመለሰች፤ በዓይኑ ተከተላት።

«የሷም ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው?»

ልዋሽ ፈለግሁ። አልቻልኩም። «ብዙው» አልኩት።

ሙዚቃው ሳያልቅ ደጅ ወጥቶ ለትራክተሩ ባለቤት ደወለ። ይጮሃል፤ ሁሌም በስልክ ይጮሃል። ሌላ ሹፌር ፈልጉ፣ እስክመለስ፣ ይላል። ሰውየው ሳይቆጣ አልቀረም። ሙሉ አልተመለሰለትም። እንግዲህ መንገዱ ክፍት ከሆነ ማክሰኞ ጠዋት ጎንደር፣ የጆሮ ሐኪም ዘንድ። ሦስታችንም።

አሁን ተመልሶ ገብቷል። ሰላምን ብድግ አድርጎ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛው ላይ አቆማት። በይ ንገሪኝ፣ አላት፤ ቀስ እያልሽ፣ አፍሽን እያየሁት።

ምን እንደምትነግረው ጨነቃት፣ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ጀመረች። እስካሁን አላቆመችም።