በቆርቆሮ የበቀለው ማንጎ

ቅዳሜ፣ የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔ ጤና ነኝ፤ ንዴት በሽታ ካልተባለ። ሰፈራችን ወሸባ ገብቷል። ሰው ታመመ ብለህ እንዳትደነግጥ፤ የታሰረው ፍሬ ነው። ከውጭ የገባ የፍራፍሬ ዝንብ ተገኘ ተብሎ መውጫው ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ የተማሪ ምሳ ዕቃ ሳይቀር ይፈተሻል። በየዛፉ ቢጫ ወጥመድ ተንጠልጥሏል። እኔም አንዲት ሎሚ ይዤ ልወጣ ስል እንደ ሌባ ያዙኝና ሳቄ መጣ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ከአጥራችን ወዲያ ያሉት አትክልተኛው ጋሼ፣ ኮካቸውን ስትሰርቅ «ቀስ በል፣ ትወድቃለህ» የሚሉህ፣ አርባ ዛፋቸው ባዶውን ቀረ። ቱታ የለበሱ ሠራተኞች መጥተው ብርቱካኑንም ኮኩንም፣ ጥሬውን ከብስሉ ሳይለዩ አራገፉት። በጥቁር ፌስታል እያሰሩ ፀሐይ ላይ ከመሩት፤ ከዚያ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያያሉ፤ እኔ ደግሞ ከስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ በመስኮት እሳቸውን አያለሁ።

ባለፈው ከውጭ አገር ስትመጣ ያመጣሃቸው አራት ማንጎዎች ትዝ ይሉሃል? በካልሲ ጠቅልለህ በአውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ አሳልፈህ «አላዩብኝም!» እያልክ የሳቅከው? አብሬህ ስቄያለሁ። ከሄድክ በኋላ አንዱን ብቆርጠው ትል ዘለለ፤ ተጸየፍኩና ሦስቱንም አጥሩ ሥር ወረወርኳቸው። ቅር እንዳይልህ ብዬ አልነገርኩህም። አራተኛውን አንተው በእጅህ ለጋሼ ሰጥተሃቸው ነበር። በሉት፣ መረቁህ፣ ዘሩን በወተት ቆርቆሮ ተከሉት።

ከሠራተኞቹ ጋር የመጣችው ተቆጣጣሪ ቆርቆሮውን አገኘችው። በሰፈሩ ማንጎ የሚባል ዛፍ የለም።

«ይሄን ከየት አመጡት አባቴ?»

«ገዝቼ።»

«ከማን?»

«ከመንገድ ላይ። የሰውየውን መልክ አላስታውሰውም።»

በአጥሩ በኩል ወደ እኔ ዞራ «እናንተ ቤትስ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነበር?» አለችኝ።

«ወንድሜ መጥቶ ነበር፤ ያመጣልን ሽቶ ብቻ ነው» አልኳት። ምላሴ እንኳ አልተያዘም። ጋሼ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

አሁን ሰፈሩ በሙሉ ጣቱን እሳቸው ላይ ቀስሯል። «በስተርጅና ኮንትሮባንድ!» ይሏቸዋል። ሰኞ ግብርና ቢሮ ቀርበው «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ከፈረሙ ዛፎቹ ከነሥራቸው ይነቀላሉ፤ መልሰው መትከልም አይፈቀድላቸውም። ትናንት ሄጄ «እውነቱን ልናገር ነው» አልኳቸው።

«ተይ ልጄ፤ እሱ ነገ ተመልሶ ይገባል፣ ስሙ ከተመዘገበ ያጉላሉታል። እኔ ከእንግዲህ የት እሄዳለሁ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ተገላገልኩ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስጠላ አደርኩ።

ሰኞ ከእሳቸው ቀድሜ ቢሮው በር ላይ እገኛለሁ። ያንተንም የእኔንም ስም እሰጣለሁ። ይህ ወረቀት ሲደርስህ ነገሩ አልቋል፤ ከፈለግህ ተቀየመኝ፣ እኔም ተቀይሜሃለሁ።

ፈጣሪ ይጠብቅህ። እስከ አሁን የጠበቁህ ግን ጋሼ ናቸው።

ታላቅ እህትህ