ያጎረሰህ እጄ

ውዴ አያሌው፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። የሙት ዓመት ተዝካርህን ባለፈው እሑድ አወጣን፤ አምበር ከተማ ያለው ዘመድ ሁሉ መጥቶ ነበር። ልጃችን ዓለሚቱ ማርቆስ ኮሌጅ ገብታለች፣ ጥቁሯ ላምም ወልዳለች። ደህና ነን እንዳልልህ ግን አንጀቴ አሯል።

እንግዳው ሲበተን ወንድምህ ምንውየለት አጠገቤ ተቀምጦ እያለቀሰ ነገረኝ። ያኔ አዲስ አበባ አንገትህን ቀዶ፣ ሕብለ ሰረሰርህን የተጫነውን አጥንት ያነሳልህ ሐኪም፣ ሕክምናው ሕመሙ እንዳይብስ ይይዘዋል እንጂ የተጎዳውን ሁሉ አይመልስም፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ጣትህ ከደነዘዘ፣ እግርህ ከተሳሰረ ፈጥነህ ተመለስ ብሎህ ኖሯል። ለእኔ ያልከኝ ግን ድኛለሁ ብቻ ነው። እኔም አመንኩህ፤ ለምን አላምን? ከአዲስ አበባ መጥተህ የሸሚዝህን ቁልፍ በራስህ እጅ ስትቆልፍ አይቼ እልል ብያለሁ። ስንት ክረምት እርፍ ጨብጠህ አርሰሃል።

ከዚያ ሕመሙ ተመልሶብሃል። ለወንድምህ ነግረህ ለእኔ ደበቅህ!

ያቺ ጉርሻ ትዝ ትልሃለች? ማዕድ ሲቀርብ ካንቺ እጅ ካልሆነ አይጣፍጠኝም ማለት የጀመርክባት? ጎረቤቱ በስተርጅና ፍቅር ያዛቸው እያለ ሲስቅብን፣ እኔ ሞኟ እያፈርኩም እየኮራሁም አጎርስህ ነበር። ለካ ጣቶችህ እንጀራ መቁረስ አቅቷቸው ነው።

ሐምሌ ላይ ደጃፋችን ወድቀህ የቀረህ ጊዜ፣ ለለቀስተኛው ሁሉ ድንጋዩ አዳልጦት ነው አልኩ። ድንጋዩን ረግሜ አስነቀልኩት። የነቀለው ምንውየለት ነው፤ የከዳህ እግርህ መሆኑን እያወቀ፣ ዶማውን ይዞ ነቀለልኝ። እስቲ በማንኛችሁ ልዘን?

ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር? ለምኜም ሆነ ጎትቼ ወደ ሐኪሙ እመልስህ ነበር። እሱ ባይሆንልን እንኳ ክንድህን ይዤ ደጃፉን አሻግርህ ነበር። ማጉረሱን ትተወዋለች ብለህ ነው? ይህን ያህል ዘመን አብረን ኖረን እንዲህ አላወቅኸኝም?

አልረሳህም፤ ቃሌ ነው። ተቀይሜህም ቢሆን በስምህ ጧፍ አበራለሁ። ግን ያንን ማዕድ ባስታወስኩ ቁጥር የትኛው ጉርሻ ጣትህ ስላቃተው፣ የትኛው ለእኔ ፍቅር ብለህ እንደነበር እጠይቅሃለሁ።

ትናንት እራት ላይ ሳላስበው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ መቀመጫህ ዘረጋሁ። እጄ ገና አልሰማም መሰለኝ፤ አሁንም ያምንሃል።

ባለቤትህ ይታይሽ