የኋላ በራችንን በሰንሰለት ላሳሰሩት ለተከበሩ ዲናችን

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ሁለት መውጫ ላለው ሰፊ ቢሮዎ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ፣ በመምህራን ሻይ ክፍል «ልብስ ሰፊዋ» እየተባልኩ የምጠራው የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ዲዛይን መምህርት፣ ፈጣሪ ይመስገን እስካሁን አልተቃጠልኩም።

ጉዳዩ እንደሚያውቁት የወርክሾፓችን የኋላ በር ነው። አንድ ጥቅል ጥቁር ጨርቅ ጠፋ ተባለና፣ ሌባው የሚወጣው በዚያ በኩል ነው ተብሎ በሩ በሰንሰለት ታስሮ ተቆለፈ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ፣ የስፌት መኪኖቹ፣ የጋሉት ካውያዎችና እኔ አንዲቱን ጠባብ የፊት በር ተማምነን እንውላለን። ለዚህ ሁሉ ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ ንብረት ጥበቃዎ አመሰግናለሁ። የጠፋው ጨርቅ እኮ ተገኝቷል፤ ስለ ስርቆቱ በመከርንበት ስብሰባ እርስዎ ክንድዎን ያሳረፉበት የጠረጴዛ ልብስ ራሱ ነበር። ጸሐፊዎ ለምርቃት ዝግጅት አስወስደውት ረስተውታል። ተማሪዎቼ የሸመኑት በመሆኑ ጠርዙ ላይ ክር የዘለለበትን ቦታ በጣቴ ዳስሼ አወቅሁት፤ እዚያው ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እርስዎም ስቀው ሲያበቁ፣ ሰንሰለቱ አንዴ ተገዝቷልና ይቆይ አሉ።

፪. ቁልፉ የተቀመጠበት ቦታም ምስጋና ይገባዋል። ቁልፉ በጸሐፊዎ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው በእርስዎ ቢሮ፣ ቢሮዎ ደግሞ በሌላ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ጸሐፊዎ ምሳ ሲወጡ የመሳቢያውን ቁልፍ በቦርሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። እሳት ከምሳ ሰዓት ውጭ ብቻ እንዲነሳ የሚያዝ አንድ መመሪያ ቢያወጡልን ውለታዎ ይሞላ ነበር።

፫. ለአካዳሚክ ሕይወቴ ስላሳዩት አሳቢነት ምን ብዬ ልመርቅዎ? ወጣትነቴን የጨረስኩት ጨርቅ እያቃጠልኩ ነው፤ የዶክትሬት ጥናቴ ጥጥና ሰው ሠራሽ ክር እሳት ሲነካቸው ምን እንደሚሆኑ ነበር። ጥጡ ቦግ ይላል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ከመኪኖቹ ሥር የሚከማቸው ብናኝ ደግሞ እሳቱን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞት ይሄዳል። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬ ጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ ልፋት የሴቶች ሙያ እንጂ ሳይንስ አይደለም ተባለ። ስለ በሩ ደግሜ ስጽፍልዎት ደግሞ ኮሪደር ላይ አስቁመው፣ አባት ልጁን በሚመክርበት ድምፅ፣ «አንቺ፣ ዕድገትሽ እንዲያልፍልሽ ከፈለግሽ ይህን የበር ወሬ ተዪው» አሉኝ። ምክርዎን ተቀብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር እፈራለሁ፤ እሳትንና እርስዎን።

ስለ ፍርሃቴ እንዳላጋነንኩ ይመኑኝ። ጠዋት ወርክሾፑን ስከፍት አስቀድሜ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ስለ እጅጌ አቆራረጥ እያስተማርኩ ዐይኔ ካውያው ላይ ነው፤ አፍንጫዬም የተቃጠለ ነገር ሲፈልግ ይውላል። ታላቅ እህቴ «አንቺ ልጅ፣ ሥራው ጥንቅር ይበል፣ ነፍስሽን አትርፊ» እያለች ትነዘንዘኛለች። እኔስ ወጣሁ እንበል፤ እነዚያን የሰው ልጆች ለማን ጥዬ ነው የምወጣው?

፬. ባለፈው ሳምንት ስለተፈጠረው ነገር ላወጡት አጭር ሪፖርትም አመሰግናለሁ። የአንዱ መኪና ሞተር ጋለና ከሥሩ ያለው ብናኝ ይጨስ ጀመር። ገሚሶቹ ተማሪዎች ወደ ፊት፣ ገሚሶቹ ደንግጠው እንደ ድሮው ልማዳቸው ወደ ኋላ በር ሮጡ። እኔ ሶኬቱን ነቅዬ ጭሱን በእርጥብ ጨርቅ አፈንኩት። እርስዎ በሪፖርትዎ «መጠነኛ ጭስ፤ ጉዳት የደረሰበት ሰው የለም» ብለው ነገሩን አሳምረው ዘጉት።

እንግዲህ የተከበሩ ዲን፣ የዕድገት ማመልከቻዬን በዚህ ደብዳቤ አንስቻለሁ። ስንት ዓመት የለፋሁበት ነውና አላዘንኩም ብል ውሸት ይሆናል፤ ዛሬ ጠዋት አልቅሻለሁ። ሰንሰለቱ እስኪፈታ ድረስ ተማሪዎቼን በረንዳው ላይ በእጅ መርፌ አስተምራለሁ። ይህም ትእዛዝ አለማክበር ነው ከተባለ፣ ቅጣቴን እዚያው በረንዳው ላይ እጠብቃለሁ። የደብዳቤውም ግልባጭ ሁሉም እንዲያነበው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።

እርስዎን በማክበር የማትታማው፣ በደግነትዎም እስከዛሬ በሕይወት የቆየችው፣
የጨርቃ ጨርቅ መምህርትዎ

ተጨማሪ፦ በእኔ ክፍል የምትማረው ልጅዎ መዳፏን መቀስ እንደቆረጣት ነግራዎት ይሆናል። መቀስ አይደለም። ጭሱ በተነሳ ዕለት ወደ ኋላ በር ከሮጡት አንዷ እሷ ነበረች፤ እጇ የተላጠው ሰንሰለቱን ስትጎትት ነው። ይህችን መስመር የጻፍኩትም ራሷን አስፈቅጄ ነው። ያን ዕለት ግን ቁስሏን ሳጥብላት «ቲቸር፣ ለአባዬ እንዳይነግሩት፣ ይቆጣኛል» ነበር ያለችኝ። እርስዎን የምፈራው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።