የንቡ ሙግት

ለምወድህ ወንድሜ ለዓለምነው ሽባባው፣ ድሬዳዋ

እንደምን ሰንብተሃል? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ስሜነሽስ፣ ትንሹ ክንዴስ ደኅና ናቸው? ወባው ለቀቀህ ወይስ ዛሬም እየተመላለሰ ይጎበኝሃል? እኛ አንተን ከመናፈቅ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ስል ግን ልቤ አላረፈም። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስንቴ እንደ ተነሣሁ እኔና ወንበሩ እናውቃለን። በር ድረስ እሄዳለሁ፣ ፈረስህን አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ዳማው አገር ቤት፣ ጥርባ፣ አባባ ዘንድ መሆኑ ቀርቶ እዚህ ዳንግላ፣ እኔ ግቢ ታስሮ ነው ያለው። ምክንያቱን ልንገርህ።

ከእኔ ጋር የሚያስተምር መምህር አስማረ የሚባል የታሪክ አስተማሪ አለ። የጥንት ሙግትና ንግግር ታሪክ የሚያጠና ማኅበር አቋቁሞ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል ብሎ እኔን ጸሐፊ አደረገኝ። እንደ ጽዋ ማኅበር በየተራ ቤታችን እንሰበሰባለን፤ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል። ደብረ ማርቆስና አዲስ አበባም መሰሎቻችን አሉ፤ የሰበሰብነውን እንልክላቸዋለን፣ እነሱም የደረሱበትን ይልኩልናል። አባቶቻችን ዛፍ ሥር በአገውኛ እንዴት ይሟገቱ ነበር፣ ነገሩ ወደ አማርኛው ችሎት ሲገባ ምን ተለወጠ፣ ምንስ ጠፋ፣ የምንጠይቀው ይህንን ነው። አትሳቅብኝ። አንተ ባቡር ታስኬዳለህ፣ እኛ ነገር እናስኬዳለን።

አባባን እናስመጣ ያልሁት እኔ ነኝ። አዲሱ የፍርድ ቤት ሥነ ሥርዓት ከወጣ ወዲህ አንድ ወጣት ዳኛ «አባቴ፣ ያሳጥሩ» ካላቸው ጀምሮ ሙግት ትተው ዝም ብለው እንደሚውሉ ጽፌልህ ነበር። ቢያወሩ ይሻላቸዋል ብዬ ነው። እሳቸው ግን «ያለ ባላጋራ ምን ሙግት አለ? ግድግዳ ልክሰስ?» አሉ። ባላጋራ ከተባለ ደግሞ ያው ጎረቤታችን አያ አበረ ናቸው፤ በወሰን ነገር ዕድሜ ልካቸውን የተናከሱት። እሳቸውም ተጠርተው መጡ። እንደ ድሮው የሁለቱ ጋቢ ጫፍና ጫፉ ተቋጠረና በቁራኛ ቆሙ። ነገሩን መምህር አስማረ ለትምህርት ያህል ፈጠረላቸው፤ ከአንዱ ቀፎ የተነሣ ንብ ጎረቤት ዛፍ ላይ ቢሰፍር የማን ነው?

ወንድሜ፣ አባባ እንዲያ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። በአገውኛ ጀምረው ወደ አማርኛ ሲሻገሩ ወገባቸው ቀና፣ ዘንጋቸው ከፍ አለ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ደማቸው ሲሞቅ እንደ ጥንቱ መወራረድ አማራቸውና «በዳማው ፈረስ» አሉ። ዋስ ጠሩ፣ በንጉሥ ማሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ፈረሱ የአንተ መሆኑን አገር ያውቃል።

አባባ «ቀፎውን የሠራሁት እኔ፣ ያጠንሁት እኔ። ልጄ ጎረቤት ቤት ቢውል የጎረቤት ልጅ ይሆናል?» ሲሉ ሰዉ አጨበጨበ። አያ አበረ ፈገግ ብለው «ልጅህ ሲጠሩት ይመጣል። ንብህን እስኪ ጥራው» አሏቸው።

አባባ ለዚህ መልስ የሚያጡ ሰው አይደሉም። ስንቱን አፍ ያስያዙ ናቸው። አሁን ግን ሊናገሩ አሰቡና ተዉት፤ ዘንጋቸውንም ዝቅ አደረጉት። ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው መምህር አስማረ ለአያ አበረ ፈረደ። ከተማው አባባን እርጅና ረታቸው ይላል፤ እኔ ምን እንደ ነካቸው አውቃለሁ። እናታችን ስትታመም ጠሩህ። ለተዝካሯ ጠሩህ። ዘንድሮም ለፋሲካ ጠሩህ። የወባህንም የሥራህንም ነገር አልረሳሁም፤ ቢሆንም ተቀይሜሃለሁ።

በማግሥቱ ፈረሱን ስበው አያ አበረ ደጅ ሄዱ። አያ አበረ «ጨዋታ ነበር፤ ደግሞስ ባለቤቱ በሌለበት አልነካውም» አሉ። አባባ «የእኔ ቃል ጨዋታ ነው?» ብለው ተቆጡና፣ የተረታሁበትን ፈረስ ግቢዬ አላስገባም ብለው እኔ ዘንድ አሰሩት። ዳማው መጋለብ የለመደ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መሬቱን ሲጎደፍር ይውላል። እኔም ከእሱ አልሻልም።

አባባ ይግባኝ ብለዋል፤ ማኅበሩም ተቀብሏል። የሚሰማው በሰኔ ሚካኤል ማግሥት ነው፤ ተረኛዋ እኔ ስለሆንሁ በእኔ ቤት። መምህር አስማረ የፈረሱን ነገር ባለቤቱ በጽሑፍ ይወስን፣ ጠይቂው ብሎኛል። እነሆ ጠየቅሁህ። አንተ ግን አትጻፍ። አባባ እዚህ በመጡ ቁጥር ለይግባኙ ምን አሰቡ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣው የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ሲደርስ ቀና ብለው የሚወርደውን ሰው ያያሉ። በዚያ ቀን ጋቢያቸው ከአያ አበረ ጋር ተቋጥሮ ቆመው ሳለ በበሩ ብትገባ፣ ቃል ሳይተነፍሱ አያ አበረን ይረታሉ። ስለዚህ ና።

ስሜነሽን ሰላም በልልኝ። ክንዴን ጉንጩን ሳምልኝ። ባለቤቴ ውዱ በጣም ሰላም ይልሃል። ልጄ ማናለብሽ ለዳማው ሣር የምታጭድለት እሷ ናት፤ አጎቴ ያመስግነኝ ትላለች። አያ አበረም ሰላም በዪው ብለዋል፤ ፈረሱን ግን አሁንም አልወስድም ነው የሚሉት። አባባ ሰላም በዪው አላሉኝም። ደብዳቤ ድሬዳዋ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጃል ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

እኅትህ ውብአየሁ ሽባባው
ዳንግላ፣ ግንቦት 3 ቀን 1959 ዓ.ም.